ሥዕል መቀበልና ሰማይን መመልከት፦ ስለ ሥነ ፈለክ አስተማማር አጭር ሂስ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ሥነ ፈለክ ለማስተማር በርቀት በሚታዘዙ አውቶማቲክ ቴሌስኮፖች መገልገል በብዙ አገሮች ተለምዷል። በሃዋይና በአውስትራሊያ የሚገኙት ባለ 2 ሜትር መስተዋት የፎክስ ቴሌስኮፖች በተለይ ለትምህርት ታስበው የተሠሩ ናቸው። በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. ባለ 1 ሜትር መስተዋት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች በእንጦጦ ተራራ ላይ ተመርቀዋል።

የዘዴው ጠቀሜታ ከማእከል ለራቁ ተቋሞች ይበልጥ ይጎላል። በአሶሳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን በሃዋይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህም ተማሪው በክፍል ሰዓቱ የሌሊቱን ሰማይ ማስመልከት ይችላል። የክረምቱም ደመና አያግደውም።

ይሁን እንጂ ዘዴው አንድ ዐቢይ ጉድለት አለው። ጊዜውን የሚመርጠው፣ ጣሪያውን የሚከፍተው፣ ኮከቡን የሚከተለውና ሥዕሉን የሚያጠራው መሣሪያው ነው። ለተማሪው የሚቀረው መቀበል ብቻ ይሆናል። ሥዕል መቀበል ደግሞ ምልከታ አይደለም።

ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የመጣን ተማሪ እንውሰድ። የትውልድ ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የሰሜን ኮከብን ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የደቡብ መስቀልንም በወቅቱ በደቡብ በኩል ያያል። ትምህርቱ ይህን ዕውቀቱን ካልጠየቀው፣ የሩቁን ሰማይ አቅርቦ የገዛ ሰማዩን ባዕድ ያደርግበታል።

መፍትሔው መሣሪያውን መተው ሳይሆን ሥራውን ለተማሪው መመለስ ነው። ለምሳሌ አልጎል የተባለው ኮከብ፣ ጓደኛው ስለሚጋርደው፣ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ብርሃኑ ወደ ሢሶ ገደማ ይቀንሳል። ከኅዳር እስከ ጥር በምሽት ያለ መሣሪያ ይታያል። ተማሪው አስቀድሞ ይህን ከጎረቤት ከዋክብት ጋር እያነጻጸረ በደብተሩ ይመዝግብ። ከዚያም ከዚሁ ዓይነት የደበዘዘ ኮከብ መርጦ፣ ካሜራው ለስንት ሰከንድ እንደሚከፈትና ለምን እንደዚያ እንደ ወሰነ ጽፎ ቴሌስኮፑን ይዘዝ፤ ያልጠራውንም ሥዕል ተቀብሎ ብርሃኑን ራሱ ይለካ። የዓይኑን ስሕተት ከመሣሪያው ስሕተት ጋር ማመዛዘኑ ዋናው ትምህርት ነው። የኢንተርኔት መሥመር ቢቋረጥም የደብተሩ ሥራ አይቋረጥም።

እንግዲህ የመምህሩ መመዘኛ የሥዕሉ ማማር ሳይሆን፣ ተማሪው ቁጥሩን ከየት እንዳገኘና ምን ያህል እንደሚያምነው ለማስረዳት መቻሉ ሊሆን ይገባል።