ይህን ቡና ሳትቀምሱ እንዳትውሉ!

የያዛችሁትን ሥራ ተዉትና ስሙኝ! ቡና አገኘሁ! «ቡና ደግሞ ምን ብርቅ አለው?» እንዳትሉኝ፤ ይሄኛው ብርቅ ነው! የጌዴኦ ገበሬዎች ማኅበር ያዘጋጀው፣ የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና! ወይ መዓዛ! ወይ ጣዕም!

ገና ጥሬውን ሳየው ልቤ ደነገጠ። ደቃቅ፣ ድንቡል ያለ፣ አንድ ወጥ! የተሰበረ የለ፣ የጠቆረ የለ! ምጣዱ ላይ ስጨምረው ቤቱ ታወደ። ጣ! ጣ! ጣ! እያለ መንጣጣት ሲጀምር፣ ቀይ ዳማ እንደመሰለ፣ ቶሎ አወረድኩት። አደራ፣ እንዳታከስሉት! ጥቁር እስኪሆን ከቆላችሁት ያ ሁሉ ሽታ ከጢሱ ጋር ይሄዳል!

አቦሉ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መጀመሪያ አበባ። እውነተኛ አበባ፣ ስኒው ከንፈር ሳይነካ! ከዚያ ሎሚ፤ የሚኮመጥጠው ሳይሆን ልጣጩ ሲላጥ ፍንጥቅ የሚለው! ከዚያ ማር! ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ባሰበት፣ ኮክ ኮክ ማለት ጀመረ! ስኳር? የምን ስኳር! ስኳሩን ደብቁት! ቶናውም ያው አበባ፣ በረካውም ያው አበባ!

እና ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ከከፍታው! ቡናው የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ቅዝቃዜው ፍሬውን ቀስ ብሎ ያበስለዋል፤ ቀስ ባለ ቁጥር ይጣፍጣል! ደግሞ ከጥላው! ጌዴኦዎች ቡናን ብቻውን አያቆሙትም። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ መሀል ለመሀል ቡና! የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ሥሩ ተዳፋቱን ያቅፋል። እርሻ ነው ብትሉ እርሻ፣ ደን ነው ብትሉ ደን! ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህን መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ሲያንሰው ነው!

ልፋቱስ! ቀዩ ፍሬ ብቻ ተመርጦ ይለቀማል። ወዲያው ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ አንድ ቀን ተኩል ሁለት ቀን ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እዚያም በእጅ ይገላበጣል፣ እንደገና ይለቀማል። እጃቸው ይባረክ!

የይርጋጨፌ ማኅበራት በ1994 ዓ.ም. ተሰባስበው ዩኒየን አቋቋሙ። ከ40 ሺህ የሚበልጥ ገበሬ! ቡናቸውን ራሳቸው ለውጭ ገዢ ይሸጣሉ፣ ትርፉም ተመልሶ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ይህን ሳስበው ቡናው ይብስ ይጣፍጠኛል!

በሉ አሁን ተነሡ! «ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ የማኅበር» ብላችሁ ጠይቁ። የየትኛው ማኅበር እንደሆነም ጠይቁ! ኮንጋ፣ ሃማ፣ አዳዶ፣ ኢዲዶ፤ ሁሉንም ቅመሱ! አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ከረጢቱን አገላብጡ፣ ስማቸውን ታገኙታላችሁ! ደግሞ በዚህ እንዳታቆሙ! ያልታጠበውን፣ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ የደረቀውን ሞክሩት! እንጆሪ ይላል! እንጆሪ ነው የምላችሁ፣ ቡና ውስጥ!