ስሙስ ሸክላ አይደል?

ሂርና ውስጥ አንድ ሻይ ቤት የድሮ ዘፈን ሸክላዎች በሚስማር ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አየሁ። የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታቸዋል። «ለጌጥ ነው» አለኝ ባለቤቱ። ፍቅሩን አልነቅፍም፤ ጌጡ ግን ሸክላውን እየገደለው ነው።

ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ አምሐ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከ100 በላይ ሸክላ አሳተመ። ኋላ ፈረንሳዮች እነዚህን ዘፈኖች በ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ሲያወጧቸው «ሀብታችን ተወሰደ» ብለን የምናጉረመርም አለን። የቀረውን አልጋ ሥር ያነባበርነው፣ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ያስቀመጥነው ግን እኛው ነን።

ጥበቃው ውድ አይደለም። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተነባበረ የላዩ የታቹን ይጫነዋል። ሙቀት ያጣምመዋልና ከፀሐይ ይራቅ። መርፌው አቧራ እየጎተተ እንዳይፍቀው በንጹሕ ወረቀት ሽፋን ይግባ። ሲያዝም በጠርዙ እንጂ ፊቱ አይነካ።

እናቶቻችን ጀበና በጀበና ላይ አይከምሩም። ታዲያ የዚህስ ስሙ ሸክላ አይደል?