የነሐሴ ጭቃ፣ የመስከረም አበባ

ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሰው የሚበዛው መስከረም ሲጠባ ነው። እኔ የወጣሁት ነሐሴ 14 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ጥዶቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ ማዶውን ስመለከት አንድ ወጣት የችግኝ ሠራተኛ ከኋላዬ «ጋሼ፣ አደይዋን እየረገጧት ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጫማዬ ሥር ያለችው ስንጥቅጥቅ ቅጠል ያላት፣ ከሣሩ የማትለይ፣ አንዲት እምቡጥ እንኳ ያላወጣች ቀጭን ተክል ናት። ስለ አደይ አበባ ምሳሌነት ከአንድ ጊዜ በላይ የጻፍሁ ሰው አደይን ያለ አበባዋ አላወቅኋትም።

ጉድለቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጽሔት አይበቃም ነበር። ስለ እምነትና ስለ ወቅቶች የምንጽፈውና የምንሰብከው በአብዛኛው ከአበባው ይጀምርና እዚያው ያበቃል፦ ክረምት መከራ ነው፣ መስከረም ከመከራ መውጫ ነው፣ አደይ የተስፋ ምልክት ናት። የእንቁጣጣሽ ካርዱም፣ የቴሌቪዥኑ የበዓል ዝግጅትም፣ የዐውደ ምሕረቱ ስብከትም ብዙ ጊዜ በዚህ ይስማማሉ። እኔ ግን ይህ ንባብ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የዜማ መጻሕፍትም ከተክሎቹ ጠባይም ጋር አይገጥምም ባይ ነኝ። ጉለሌ ለዚህ ሙግት ይመቻል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ስምምነት የተቋቋመው ይህ ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ይዞታ አለው፤ ከሥራዎቹም አንዱ ባሕር ዛፍ የወረሰውን ተራራ ለጥድ፣ ለወይራ፣ ለኮሶና ለዝግባ መመለስ ነው። መታደስ እዚያ የቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

የአበባው ስብከት ዋና መነሻ የመኃልየ መኃልይ ሁለተኛው ምዕራፍ ይመስለኛል። ክረምቱ ማለፉን፣ ዝናቡ መሄዱን፣ አበቦች በምድር መታየታቸውን የሚናገረው ክፍል ነው። በፍልስጥኤም ምድር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ አበባው የሚወጣው በመጋቢት ገደማ፣ ከፋሲካ ጋር ነው። ጥቅሱ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ዝናቡ በሰባኪው አፍ በረዶ ሆነ፤ አበባው ግን ከትንሣኤ አልተለየም። ስለዚህ አውሮፓዊው ሰባኪ ባዶውን መቃብር ለማስረዳት በመስኮቱ ወደ አትክልት ቦታው ማመልከት ይበቃዋል። እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ነው። የግእዙ ተርጓሚ «ክረምት» ብሎ ሲጽፍ ለሀገሩ ሰው ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ዝናቡ ያባራል፣ አበባው ይወጣል። ቃሉ ከአውሮፓ ይልቅ እኛ ጋ ገጠመ። ነገር ግን አበባው ከፋሲካ ግማሽ ዓመት ርቆ መስከረም ላይ ወደቀ። በፋሲካ ዋዜማ ካህናት የሚያድሉት ለምለም ቄጤማ ነው፤ ምእመኑ በራሱ ላይ የሚያስረው ያ ቄጤማ የሚያስታውሰውም የኖኅን ርግብና የጥፋት ውኃውን መጉደል ነው። የእኛ ትንሣኤ ምልክቱን ከአበባ አልተበደረም። ታዲያ አበባው ሥራ ፈት ሆነ ወይስ ሌላ ሥራ ተሰጠው?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ የቃል ጣጣ አለ። ዛሬ ብዙዎቻችን መስከረምን «ፀደይ» እንለዋለን፤ ከውጭ ቋንቋ ስንተረጉም የተጣባን ልማድ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ በጋው በሁለቱ መካከል ነው። ክረምት ደግሞ ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ቅዱስ ዮሐንስም መስቀልም ክረምት ውስጥ ናቸው። «ክረምቱ አለፈ» እየተባለ አደይ ስትታደል ሊቃውንቱ ገና በክረምት ምዕራፍ ላይ ናቸው፤ አደይዋም ሥሯ ከእርጥብ አፈር አልወጣም። በካርዱ ላይ አበባው ክረምቱን ድል ነሥቶ ይመጣል፤ በአቆጣጠሩ ግን የክረምቱ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ ክረምትን አንድ ወጥ ጨለማ አድርጎ አያየውም። መጀመሪያው ዘርዕና ደመና ነው። ከሐምሌ 19 በኋላ መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ ይመጣሉ። ከነሐሴ 10 ጀምሮ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያትና ዐይነ ኵሉ ይባላል፤ በነሐሴ መጨረሻና በጳጕሜን ጎሕ፣ ነግህ፣ ብርሃንና መዓልት ይከተላሉ። እኔ አደይን የረገጥሁት በሦስተኛው ክፍል ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ። ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ናቸው። መምህራኑ ሲተረጉሙ፣ ቁራ ጫጩቶቹን ፈልፍሎ ትቷቸው ይሄዳል፤ ላባ ሳያበቅሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ የሚመግባቸው ፈጣሪ ብቻ ነው ይላሉ። ዐይነ ኵሉም የሁሉ ዓይን ተስፋ የሚያደርግበት ማለት ነው። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህ የትኛው ሰሞን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ጎተራው ተጠርጓል፣ አዲሱ እህል ገና እሸት አልሆነም፣ ልጆች በቆሎው መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃሉ። ድጓው ይህን ረኃብ ከዝናቡ በረከት ለይቶ ወደ ጎን አላስቀመጠውም። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ገደማውን የሚያወርዱት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ሁሉም ነገር የሚበቅለው ሁሉም ሰው በሚጠብቅበት ወር ነው ማለት ነው። ክረምትን የመከራ ምሳሌ ብቻ ያደረገ ሰባኪ ከድጓው ግማሹን ዘግቶታል።

አበባውስ? ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። በትውፊት የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት የሚባለው ማኅሌተ ጽጌ ቅዳሜ ሌሊት ተቁሞ እሑድ ይነጋበታል፤ እመቤታችን አበባ ልጇ ፍሬ፣ ሌላ ጊዜም እሷ ግንድ እሱ አበባ እየሆኑ ይወደሳሉ። የዘመኑ ታሪክ ግን ስደት ነው። ሄሮድስን ሸሽታ ሕፃኗን ታቅፋ በግብፅ በረሃ የተንከራተተችው እናት ናት የምትታሰበው፤ ሰቆቃወ ድንግልም ከማኅሌተ ጽጌው ጎን ይቆማል፤ የሚጾሙም ይጾማሉ። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ የሚጠሩት ይህ ስም ቅድስት ቤተሰብ ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው። አገሩ በሙሉ በሚያብብበት ወር ቤተ ክርስቲያኒቱ ቤት አልባ ሆና ስለምትሄድ እናት ታዜማለች። የአበባው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከትንሣኤ ቢለይ ከስደት ጋር ተዛመደ። የኢትዮጵያ የዜማ ሊቃውንት ካደረጉት ሁሉ ደፋሩ ይህ ይመስለኛል። ውበትን ከሐዘን አላስቀደሙትም፣ የሐዘን ማካካሻም አላደረጉትም። አንዱን በሌላው ውስጥ አዜሙት እንጂ። ዘመኑ ሲያልቅ አብዛኛዋ አደይ ጠቁራለች፤ አበባዋም እንደ ስደተኛ ነው፣ አይሰነብትም።

ወደ ተክሏ እንመለስ። አደይ የምንላት በሳይንሱ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ናት፤ ከስሙ ጫፍ በደራሲነት የሚጻፈው የኢትዮጵያዊው የእጽዋት ሊቅ የመስፍን ታደሰ ስም ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ እጽዋት መድበል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የአደይን ቤተሰብ ቅጽ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። አደይ ዓመታዊ ናት። በቅላ፣ አብባ፣ ዘርታ ትሞታለች፤ በመጪው መስከረም የምናያት ልጇ ናት። «አደይ ተመልሳ መጣች» የሚለው አነጋገራችን ስለዚህ ጥብቅ እውነት አይደለም። ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ስለምትቀረው የስንዴ ቅንጣት በዮሐንስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ የተነገረው ግን ለእሷ ልክ ይሆናል። ደግሞ እህት አለቻት። ያቺ ጫካ ለጫካ ስንሄድ ሱሪያችን ላይ የምትሰካው ጨጎጎት ከዚሁ ከቢደንስ ወገን ናት፤ ቃሉ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን ጨጎጎት ልብስ የምትነክሰው በነዚያ ጥርሶች ነው። ሕዝቡ አንዷን ለመስቀል ደመራ መርጧል፣ ሌላዋን የሰይጣን መርፌ ብሏታል። ስንዴና እንክርዳድ ከአንድ ቤት ሊወጡ እንደሚችሉ ለሚያስተምር መምህር ይህን በነፃ ሰጥቻለሁ።

ጉለሌ ላይ ትልቁን የምሳሌ ፈተና ያገኘሁት ግን ከዛፎቹ ነው። በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፣ በተለይ ነጩ፣ ማገዶ አልቆባት ልትፈታ የነበረችውን አዲስ አበባን አቁሟል። አሁን በስብከትም በአካባቢ ጥበቃ ንግግርም የኃጢአት ምሳሌ እየሆነ ነው፦ መጤ ነው፣ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያስበቅል። ጥዱ ደግሞ ጻድቅ። ወጣቱን ሠራተኛ ባሕር ዛፉን ስለመንቀል ስጠይቀው ሳቀ። «ጥድ አንዴ ከተቆረጠ አበቃለት ጋሼ። ይሄኛውን ግን ቆርጠውት ሲመለሱ ከጉቶው አሥር ሆኖ ይጠብቅዎታል።»

እውነቱን ነው፤ የእኛ ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አሁን ኢዮብ 14ኛ ምዕራፍን ገልጠው ያንብቡ፤ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው፣ በውኃ ሽታ እንደሚያቆጠቁጥ ይናገራል። ኢሳይያስም ከእሴይ ጉቶ ስለሚወጣው በትር ይተነብያል። እነዚህን የመታደስ ምሳሌዎች ጉለሌ ላይ በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው የሚያገኛቸው በተወገዘው ዛፍ ላይ ነው። ስንት ደብር ደመራውን የሚያቆመው በባሕር ዛፍ ግንድ እንደሆነም እናውቃለን። ባሕር ዛፉ ከተራራው መነሣቱን አልቃወምም፤ እደግፈዋለሁ። የምቃወመው ሥነ ምኅዳራዊ ውሳኔን በችኮላ የጽድቅና የኩነኔ ቋንቋ ማልበስን ነው።

ጥዱስ በምን ይታደሳል? መልሱን ያገኘሁት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አፀድ ነው። «አፀድ» ራሱ ጥሩ ቃል ነው፤ በግእዝ አጥር ግቢ፣ አትክልት ቦታ፤ በአማርኛ ዛፉ ራሱ፤ ከዚያም አልፎ ሕያዋንን በአፀደ ሥጋ፣ ሙታንን በአፀደ ነፍስ አሉ እንላለን፤ ሁለቱም ወገን የሚኖረው አትክልት ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ፣ አብዛኛው አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነት የሚያውቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ላጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 የእንጨት ተክል ዓይነቶችን መዝግበዋል። የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥራ አንድ ጥብቅ ነገር ያሳያል። አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የቅጠላ ቅጠልና የሣር ነው፤ የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ደኑ አንዴ ከጠፋ አፈሩ አያስታውሰውም። ቢተከልም ከብት ካልተከለከለ አይጸድቅም፤ ለዚህ ነው የደብሮቹ የድንጋይ አጥር ከዛፉ እኩል የሚቆጠረው።

ስለዚህ ጉለሌ ላይ ሁለት ዓይነት መታደስ ጎን ለጎን አለ። አደይን ማንም አይዘራትም፤ ዝናብ ሲመጣ ትነሣለች። ጥዱን ግን አንድ ሰው ዘሩን ለቅሞ፣ አፍልቶ፣ በላስቲክ አሳድጎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለዓመታት ካልጠበቀው አይመጣም፤ የተከለውም ሰው ጥላው ሥር ላይቀመጥ ይችላል። ሃይማኖት ያለ ምግባር አይበቃም የምትለው ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም በግቢዋ ይዛለች። በየመስከረሙ የምናነሣው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ድካም የለበትማ። ምሳሌውን ከዚህ በላይ አልለጥጠውም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢሉኝ ግን የጉለሌውን ችግኝ ጣቢያ እመርጣለሁ።

የነገረ መለኮት ኮሌጆች መምህራን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ደቀ መዛሙርቱን ስለ ፍጥረትና ስለ መታደስ ልታስተምሩ ወደ ጉለሌ ስታወጡ መስከረምን አትጠብቁ። በነሐሴ፣ በዕጓለ ቋዓት ሰሞን አውጧቸው። አደይን ያለ አበባዋ ለይተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። ቦት ጫማ ያስፈልጋል።