የጠፋው ዕንቁና የተረሳው እስረኛ

ወጣቶች ሆይ፤ የእንግሊዞች የወንጀል ምርመራ ታሪክ በእጃችሁ ሲገባ ሌባው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ቸኩላችሁ ገጾቹን ሁለት ሁለት እንደምትገልጡ ዐውቃለሁ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርሁ። አሁን ሳነባቸው ግን ዓይኔ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ ሆኗል።

ከእነዚህ ታሪኮች ብዙዎቹ የተጻፉት ለገና ሰሞን ነው። የለንደን መጽሔቶች ለልደት በዓል ልዩ እትም ያወጡ ስለ ነበር ደራሲዎቹ በዓሉንና ብርዱን ከወንጀል ጋራ አጋብተው ማቅረብ ለመዱ። ማርቲን ኤድዋርድስ የተባለው ጸሐፊ በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) 15 ያህሉን ሰብስቦ «ጸጥ ያሉ ሌሊቶች» በሚል ስም አሳትሟቸዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ሁለቱ ዋና ታሪኮች በዚያ መጽሐፍ ይገኛሉ።

በረዶ ለደራሲ ትልቅ አገልጋይ ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ገዳዩ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ከመሆን አያመልጥም። የእግር ምልክት ይይዛል፤ ወይም ምልክቱ መኖር ሲገባው ባለ መኖሩ ያስደንቃል። በዓሉ ደግሞ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው የኖሩትን ወንድማማቾች በአንድ ገበታ ያስቀምጣል፤ በገበታው ራስ ላይም ኑዛዜውን ሊለውጥ የሚያስብ ሽማግሌ አይጠፋም። ለንደን በዚያ ወራት ከቀኑ በ10 ሰዓት ስለምትጨልም ለሌባ የሚበቃ ሌሊት አለ።

እዚህ ላይ ለተርጓሚዎች አንድ ቃል ልናገር። የእነርሱን የብርድ ወራት «ክረምት» ብሎ መተርጐም አንባቢን ያሳስታል። የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ፣ የጎርፍ ድምፅ ነው፤ ገናችንም የሚውለው በበጋ፣ እህል በአውድማ ሳለ ነው። በረዶ ስንልም ከነጐድጓድ ጋራ የሚወርደውን ጠጠር እናስባለን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውን አናስብም። ብዙው ታሪክ የቆመው በዚያ ጸጥታ ላይ ስለ ሆነ ተርጓሚው ሁለት መስመር ጨምሮ ቢያስረዳ አይከፋም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አርተር ኮናን ዶይል በ1892 መጀመሪያ በስትራንድ መጽሔት ባወጣው የሰማያዊው ዕንቁ ታሪክ፣ ጄምስ ራይደር የተባለ የሆቴል ሠራተኛ ከአንዲት ባለማዕርግ ሴት ክፍል ዕንቁ ይሰርቃል። አስቀድሞ ግን ጆን ሆርነር የሚሉትን የቧንቧ ሠራተኛ የምድጃ ብረት እንዲበይድ ወደዚያው ክፍል ያስገባዋል። ሆርነር ቀድሞ በዝርፊያ ተፈርዶበት ያውቃልና ፖሊስ ሌላ ሰው አልፈለገም። ሰውየው በችሎት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ተሸክመው አወጡት። ዕንቁው ኋላ የተገኘው ለበዓል በታረደ ዝይ ጕረሮ ውስጥ ነው። ሼርሎክ ሆምስ ከአንድ አሮጌ ባርኔጣ የባለቤቱን ኑሮ ማዘቅዘቅ ሲያነብ፣ አልናገርም ያለውንም የዝይ ነጋዴ በውርርድ አታልሎ ሲያናግረው እጅግ ያስደስታል። ይህን ክፍል ሳትቸኩሉ አንብቡት።

በመጨረሻ ራይደር ተይዞ ሲያለቅስ ሆምስ በሩን ከፍቶ ይለቀዋል። ምክንያቱ፣ ይህ ሰው ወኅኒ ቢወርድ ዕድሜ ልኩን የወኅኒ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ወራቱም የይቅርታ ወራት ነው የሚል ነው። ምሕረትን አልጠላም። ሆምስ ሆርነርን ፈጽሞ ረሳው ማለትም አልችልም፤ ራይደር ከአገር ከወጣና ካልመሰከረ ክሱ እንደሚፈርስ አስቧል። ነገር ግን ክሱ የሚፈርሰው ምስክር በመጥፋቱ ነው እንጂ የሆርነር ንጽሕና በመገለጡ አይደለም። እውነተኛው ሌባ በአደባባይ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ግን ማስረጃ ስለ ታጣ ብቻ የተለቀቀ ሰው ሆኖ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ከእንግዲህ የምድጃ ብረት እንዲበይድ ማን ይጠራዋል? ወኅኒ የገባ ሰው የወኅኒ ሰው ሆኖ እንደሚቀር የተናገረው ራሱ ሆምስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልገውም ነበር፤ ሆርነር ነበረለት። ሁለቱ ወዳጆች ወደ እራታቸው ዞሩ፤ ታሪኩም እዚያ ላይ አለቀ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀን የእጅ ሰዓቴ ጠፋ። ከክፍሉ ልጆች አንዱ ከዓመት በፊት ዳቦ ሰርቆ ተይዞ ነበርና ሌላ ሳልጠይቅ እርሱን ከጓደኞቹ ፊት አንበርክኬ ገረፍሁት። በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ከካፖርቴ ገበር ውስጥ ተገኘ። ልጁን ለብቻው ጠርቼ «ሂድ፣ ነገሩ አልቋል» አልሁት እንጂ በዚያው በጓደኞቹ ፊት ተሳስቼ ነበር አላልሁም፤ የመምህርነት ክብሬ የሚጓደል መስሎኝ። ልጆቹም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ሌባ እያሉ ይጠሩት ነበር። ያን ጊዜ የሰማያዊውን ዕንቁ ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆርነርን አላየሁትም።

በዚህ ረገድ ቼስተርተን ይሻላል። በ1911 በታተመው «በራሪዎቹ ኮከቦች» በተባለው ታሪክ ፍላምቦ የተባለው ሌባ በበዓሉ ማግስት፣ ለሣቅ በተዘጋጀ የቤት ውስጥ ትርኢት መካከል አልማዞች ይሰርቃል። እውነተኛው ፖሊስ ሲመጣ ተመልካቹ ተዋናይ መስሎት ሲደበደብ ይስቃል። ጥርጣሬው የሚወድቀው ግን በአንድ ድኻ ሶሻሊስት ጋዜጠኛ ላይ ነው። ካህኑ አባ ብራውን ሌባውን ከዛፍ ላይ ሆኖ ሲያገኘው ስለ አልማዙ ዋጋ ብዙ አይጨነቅም፤ ጥርጣሬውን በንጹሕ ወጣት ላይ ጥሎ፣ ከሚወዳት ልጅ ለይቶት ሊሄድ መሆኑን እያነሣ ይወቅሰዋል። አልማዞቹ ከዛፉ ወደ መሬት ወረዱ። ሌባ በአንድ ምሽት ተግሣጽ መለወጡን ለማመን ያስቸግረኛል፤ ስንቱን ስገሥጽ ኖሬአለሁና። ቢሆንም ደራሲው ንጹሑን ሰው ከሒሳብ አላወጣውም።

ስለ ቀሩት ብዙ አልልም። በዶሮቲ ሴየርስ ታሪክ የሐብሉ ሉሎች ለበዓል በተሰቀለ ቅጠል ላይ ፍሬ መስለው መደበቃቸው ብልሃት ነው፤ ከብልሃቱ ሌላ የሚቀር ነገር አላገኘሁበትም። በአጋታ ክሪስቲ የ1960 መጽሐፍ ደግሞ ልጆች በበረዶ ላይ የውሸት ሬሳ አዘጋጅተው መርማሪውን ሊያታልሉ ሲያስቡ እርሱ ቀልዱን ሌባ መያዣ ያደርገዋል፤ ለዕረፍት ቀን መልካም ንባብ ነው።

መጽሐፉን ለጎረቤቴ ልጅ አውሻት ነበር። ስትመልስልኝ «ጋሼ፣ ሆርነር ከተፈታ በኋላ ወዴት ሄደ?» አለችኝ። ገጾቹን ገልጠን አብረን ፈለግን። ዕድሜው 26 መሆኑን አገኘን።