ባዶ እግሩን የቆመው የእርሳስ ወታደር

ሐውልት ሲቆም ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ የሚያወድስ ያወድሳል፣ የሚነቅፍም ይነቅፋል። ከጣት ስለማይበልጥ የአሻንጉሊት ወታደር ሒስ የጻፈ ሰው ግን በእኛ ዘንድ አላጋጠመኝም። «የልጅ ዕቃ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን እላለሁ፦ ሌላው ዓለም እኛን እንዴት እንዳየን ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከአደባባዩ ነሐስ ይልቅ በሱቅ መስኮት የተደረደረው የእርሳስ ምስል ብዙ ይነግረዋል። ሐውልት ሠሪ ለታሪክ ይሠራልና ይጠነቀቃል። አሻንጉሊት ሠሪ ለገበያ ይሠራል፤ ሳይጠነቀቅም የልቡን ይናገራል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ጣልያን አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ሰሞን፣ በለንደን ታዋቂ የነበረው የዊልያም ብሪቴን አሻንጉሊት ፋብሪካ የኢትዮጵያን ወታደር በእርሳስ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በካታሎጉ 1424 የንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ ነው፤ 1425 ደግሞ ነጭ የለበሰው ባላገር ተዋጊ። ይኸው ፋብሪካ በዚያው ሰሞን የጣልያንንም እግረኛ ጦር በሳጥን አሽጎ ይሸጥ ነበር። የለንደን ልጅ ጋዜጣው የሚያወራውን ጦርነት ምንጣፍ ላይ ማድረግ ፈለገ፤ ነጋዴው ሁለቱንም ወገን አቀረበለት። ገበያ ወገን የለውም።

በእጅ ሥራ በኩል ከሄድን ምስሉ የሚናቅ አይደለም። ብሪቴን እ.ኤ.አ. በ1893 ያወጣው ዘዴ ይህ ነው፦ የቀለጠው እርሳስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፤ ዳር ዳሩ ሲረጋ መካከሉ ሳይረጋ ተመልሶ ይደፋል፤ የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ምስል ነው። እርሳስ ይቆጥባል፣ ይቀላል፣ ይረክሳል። ዋጋው በመርከሱም ገበያውን ይዘው ከነበሩት ከጀርመኖች ጋር ተፎካከረ። ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀለሙን በእጃቸው የሚቀቡ ሠራተኞች በዚህች ቁመት ላይ ፊት፣ ቀበቶና ጠመንጃ ለይተው ያወጣሉ።

የእኛው ክቡር ዘበኛ ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ይሰለፋል። ይህን አይቶ «ተዋረድን» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ጦር በእርግጥም ብዙው በባዶ እግሩ ተሰልፎ በባዶ እግሩ ተዋግቷል፤ የዘመኑ ፎቶግራፎች ይመሰክራሉ። ሠሪው ጫማ ቢያለብሰው ኖሮ ነበር የሚዋሸው። ጉድለቱ እግሩ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው፦ ስንቅ የለውም።

የአገራችንን ዘመቻ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ራስ ካሣ ኃይሉ የበጌምድርን ጦር ይዘው ወደ ተምቤን ሲዘምቱ፣ ዘማቹ ጠመንጃ ብቻ አንግቶ አልሄደም። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ አህያው፣ በቅሎው፣ ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች፣ ድስቱና ምጣዱ አብረው ሄደዋል። ከጋይንት ወይም ከእስቴ የተነሣ ዘማች የሚያውቀው ጦርነት ይኸው ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ዘመቻውም ያልቃል። የለንደኑ ምስል ግን ጠመንጃና ልብስ ብቻ ነው። ጦርነትን ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ያወቀ ሰው የሠራው መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ፍርዴ አጭር ነው፦ ምስሉ ስለ ልብሱ እውነት፣ ስለ ሰውየው ጎዶሎ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ ልለፍ። በምዕራቡ ዓለም እንዲህ ያሉ አሮጌ አሻንጉሊቶችን የሚያድኑ፣ የሚመረምሩና በጨረታ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። «አክሽን ፊገር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ጂ አይ ጆ» የተሰኘውን ወታደር ባወጣበት ጊዜ ነው፤ ወንድ ልጅ «አሻንጉሊት» ሲባል አይገዛም ተብሎ ስም ተቀየረለት። ሰብሳቢው ከምስሉ ይልቅ ስለ ተቀጽላው ይጨነቃል፦ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ቆቡ፣ ስለ ቀበቶው፣ ስለ ካርቶኑ። «ስታር ዋርስ» ከተሰኘው ፊልም የወጣው ጃዋ የተባለ ትንሽ ምስል እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ የፕላስቲክ ካባ ለብሶ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ካባው በጨርቅ ተተካ። የፕላስቲክ ካባ ያለው ዛሬ እጅግ ውድ ከመሆኑ የተነሣ ካባውን አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች ተነሥተዋል፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ ዐዋቂዎችም እንደዚሁ።

ይህን ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ቅናት ይሰማኛል። የአንዲት ካባ ጨርቅ መቼ እንደተለወጠ፣ የትኛው ቀለም በየትኛው ዓመት እንደተቀባ መዝግቦ የያዘ ሰው፣ የሚመዘግበው ነገር ቢያንስም፣ የመመርመር ልማዱ ትልቅ ነው። ከዚህ ልማድ ጋር የማልስማማው በሚዛኑ ነው። በእነርሱ ሚዛን ከሁሉ ውዱ አሻንጉሊት ከካርቶኑ ያልወጣው ነው፤ ማለትም አንድም ልጅ ያልተጫወተበት። ሥራውን ያልሠራ ዕቃ ሥራውን ከሠራው በልጦ ይከበራል። የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ ጠመንጃ ለሰብሳቢው ጉድለት ነው። ለእኔ ግን የልጁ ፊርማ ነው።

ለመሆኑ የእኛስ? በላይ ጋይንትም ይሁን በታች ጋይንት፣ በስማዳም ይሁን በእስቴ፣ እረኛ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አቡክቶ በሬ ሲሠራ አይቻለሁ፤ አንባቢዬም ገጠር ከሄደ ሳያይ አልቀረም። በሬው ሻኛ አለው፣ ቀንድ አለው። እንደ ለንደኑ ወታደር ተቀጽላም አለው፦ ከእንጨት ስንጣሪ ቀንበርና ሞፈር፣ ከልጥ ምራን፣ ጫፉ የተሳለ ማረሻ፣ ግራና ቀኝ ድግር። ልጁ ዕቃውን አሳምሮ አይተወውም፤ ጠምዶ ያርስበታል። ሴቷ ልጅ ከጨርቅና ከአገዳ ሰው ሠርታ በቁራጭ ጨርቅ ታዝላለች። እኩያዋ ወንድ ከአገዳ ጠመንጃ ሠርቶ በትከሻው ያነግታል። ዝናብ ሲመጣ በሬው ይሟሟል፤ በማግሥቱ ሌላ ይሠራል። ከካርቶን ያልወጣ የጭቃ በሬ የለም።

እዚህ ላይ የሚሟሟ ነገር ለመሟሟት ነውና ይሟሟ የሚል ይኖራል። ክርክሩ ውበት አለው። ነገር ግን በሬው ሲሟሟ የሚሠራው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ገበያ የወጣ አባት የፕላስቲክ መኪና ይዞ ሲመለስ፣ ጭቃ የሚያቦካው እጅ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ይለምዳል። አባቱን አልወቅስም፤ ልጅን ማስደሰት ነውር አይደለም። የሚያሳስበኝ ወገል፣ ድግር፣ ማነቆ የሚሉት ቃላት ከዕቃው ጋር አብረው መሄዳቸው ነው። ልጁ የእርሻን ቋንቋ የሚማረው መጀመሪያ በጭቃ ነውና።

የአገዳው ጠመንጃ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ይህ ምድር ጦርነትን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንት በኩል ነው ያለፉት። የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት የወደቁት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቀን የበጌምድር ሰው አውሮፕላን ቦምብ ሲጥልበት አየ። ልክ በ6ኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ሆነ። በእኛም ዕድሜ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ በጦርነቱ ተይዛ ነዋሪዎቿ ብዙ ግፍ አይተዋል። የለንደኑ ልጅ በምንጣፍ ላይ ያሰለፈው ጦር ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። የጋይንት ልጅ አገዳውን ሲያነግት ግን የሚመስለው አባቱን ወይም አጎቱን ነው፤ አንዳንዱም ያልተመለሰውን። ስለ አንድ ዘመን ልጆች ፍርሃትና ምኞት ከዚህ አገዳ የበለጠ ሰነድ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። የሰብሳቢዎቹን ትጋት እንውሰድ፣ ሚዛናቸውን እንተው። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሕዝቦችን ኑሮ የሚያሳየው ከልጅነት ተነሥቶ እስከ ሞት ባለው ቅደም ተከተል ነው። ይህ ድንቅ አሳብ ነው፤ ልጅነት የታሪክ መጀመሪያ ክፍል እንጂ የጓዳ ወሬ አለመሆኑን ይናገራል። ያን አሳብ ወደ ወረዳዎች ማውረድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የስማዳ መምህር ከተማሪዎቹ የጭቃ በሬ ተቀብሎ በጥላ ቢያደርቅ፣ ዕድሜያቸውን፣ ጭቃው የመጣበትን ወንዝ፣ የእያንዳንዱን ተቀጽላ ስም በልጁ አንደበት ቢጽፍ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የተሰበረ ቀንድ ካለም እንዳይጠግነው እለምነዋለሁ፤ እንዴት እንደተሰበረ ልጁን ጠይቆ ይጻፈው።

ባዶ እግሩን የሚሰለፈው የእርሳስ ወታደራችን ቁጥር አለው፣ ሳጥን አለው፣ የሚጠብቀው ባዕድ አለው። የጭቃው በሬ የሚጠብቀው ከእኛ ሌላ ሰው የለውም።