ሱሱ ሲቀንስ ኀዘኑ ስለምን በዛ?
በአፍላ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ጥናቶች አነባበብ ላይ የቀረበ ሒስ

የአፍላ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በስብሰባዎቻችንም ሆነ በጽሑፎቻችን አንድ አባባል ይደጋገማል፤ ይኸውም «ወጣቱን የጎዳው ሱስ ነው፤ ሱሱ ሲወገድ አእምሮውም ይድናል» የሚል ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ጫት፣ አልኮልና ካናቢስ የሚያዘወትር ልጅ ለአእምሮ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን በየዕለት ሥራችን እናያለን። ይሁን እንጂ ሁለቱ ችግሮች ምንጊዜም አብረው ይጨምራሉ፣ አብረውም ይቀንሳሉ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከእ.ኤ.አ. 1991 አንሥቶ በየሁለት ዓመቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ ሲያካሂደው የቆየው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት መሠረት ከመጠይቁ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ አልኮል የጠጡ ተማሪዎች በ2011 ከመቶ 39 የነበሩ ሲሆን፣ በ2023 ወደ 22 ወርደዋል። ካናቢስ የወሰዱትም ከ23 ወደ 17 ቀንሰዋል። በአንጻሩ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የማያቋርጥ ኀዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቷቸው የነበሩት ተማሪዎች በዚሁ ዘመን ከመቶ 28 ወደ 40 ከፍ ብለዋል። የሴቶቹ ልጆች ቁጥር ደግሞ በ2011 ከነበረበት ከመቶ 36፣ በ2021 ወደ 57 አሻቅቦ፣ በ2023 በ53 ላይ ተገኝቷል። ጭማሪው የኮቪድ ወረርሽኝ ያስከተለው ብቻ ነው እንዳይባል፣ ወረርሽኙ ሳይነሣ በ2019 የጠቅላላው ተማሪ አኀዝ ከመቶ 37 ደርሶ ነበር።

ሦስተኛው እውነት ይበልጥ ያሳስባል። የሚጠቀሙት ልጆች ቁጥር እያነሰ ሳለ በመድኃኒትና በዕፅ መመረዝ የሚሞቱት በዙ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ከሆነ አሜሪካውያን ወጣቶች መካከል በዚህ ምክንያት የሞቱት በ2019 492፣ በ2020 ደግሞ 954 ነበሩ። ዋናው ምክንያት በሕገወጥ መንገድ የተመረተ ፌንታኒል ሐሰተኛ በሆኑ እንክብሎች ውስጥ መሠራጨቱ ነው። ስለዚህ የተጠቃሚዎችን ብዛት ብቻ መቁጠር የአደጋውን መጠን አይነግረንም።

ጥናቱ እንከን የለውም ለማለት አይደለም። ስለ ኀዘን የቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ በመሆኑ የድባቴ ሕመም ምርመራን አይተካም። ትምህርት ያቋረጡትን አያካትትም። የጭማሪው መንስኤ ማኅበራዊ ሚዲያ ይሁን፣ የእንቅልፍ ማነስ ይሁን፣ ወይም ስሜትን የመግለጽ ድፍረት መጨመር ይሁን፣ ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም። ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ይኸውም ያንኑ ጥያቄ ለዓመታት ደጋግሞ መጠየቁ ነው።

የእኛ ድክመት እዚህ ላይ ይታያል። በሀገራችን በተማሪዎች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወቅት የተደረጉ ናቸው። አንዱ በአንድ መለኪያ፣ ሌላው በሌላ መለኪያ ይለካል። በመጨረሻም የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጠን «ችግሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተባባሰ መጥቷል» ብለን እንጽፋለን። ይህ አጻጻፍ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ በየጊዜው ካልጠየቅን አዋጁ ምን እንደለወጠ በምን እናውቃለን? መጠጡ ቢቀንስ እንኳ የልጆቹ ኀዘን አብሮ መቀነሱን ማን ያረጋግጥልናል?

ነገሩ የአኀዝ ክርክር ብቻ አይደለም። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በአንድ ሆስፒታል በማገለግልበት ወቅት የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ነበረባት። እናትየው ባለችበት ጫት ትቅሚያለሽ? ትጠጫለሽ? ታጨሻለሽ? ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉንም «የለም» አለች። ጨዋ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። በካርዷ ላይ «ሱስ የለባትም» ብዬ ጻፍሁና የሕመም ማስታገሻ አዝዤ ሸኘኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል አመጧት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ከዳነች በኋላ ያን ዕለት ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ «እርስዎ እኮ የጠየቁኝ ስለ ጫት ነው» አለችኝ። ስሕተቱ የእርሷም የእናቷም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከዚህ በመነሣት የሙያ ባልደረቦቼን የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። በጥናት ረገድ፣ ትምህርት ያቋረጡትን ጨምሮ አፍላ ወጣቶችን በአንድ ዓይነት መጠይቅ በየጥቂት ዓመቱ የሚከታተል ሥርዓት እንዲኖረን እንጣር፤ ሱስንና ስሜትንም ለየብቻ እንለካ። በክሊኒክ ረገድ፣ ልጁን ብቻውን የምናነጋግርበት ጥቂት ደቂቃ እንፈልግ፤ ስለ ሱስ ጠይቀን ስንጨርስም ስለ ኀዘኑ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ሞትን ተመኝቶ እንደሆነም በግልጽ እንጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይዘራም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። «ሱስ የለበትም» የሚለው ጽሑፍ ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም።