ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይረው ማን ነው?

እስቲ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዘመኑ 2012 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶች ወደ ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ሄዱ። አንደኛው ወንጪ ነው፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ገደል አፋፍ ላይ ያለ ደጋ። ሁለተኛው ወለንጪቲ ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ። ታብሌቶቹን ያገኙት በየመንደሩ ሃያ ገደማ የሚሆኑ፣ ለአንደኛ ክፍል የደረሱ ግን ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ናቸው። ለልጆቹ መመሪያ የሰጠ የለም፤ አስተማሪም አልነበረም። ካርቶኑ እንደታሸገ ተቀመጠላቸው፣ በቃ።

የቀረውን የተናገረው ፕሮጀክቱን ያመጣው የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይሰማ ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ አንድሮይድን «ሀክ» አደረጉት።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ አይደል? እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኛል። የኛ ልጆች ናቸው፤ ብልህ መባላቸው ማንን ያስከፋል? ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ያለ አስተማሪ ራሳቸውን አስተማሩ» ተባለ። ይህ ታሪክ ዛሬም ድረስ «ቴክኖሎጂ ለማኅበረሰብ ጥቅም» የሚል ውድድር ወይም ሀካቶን በተዘጋጀ ቁጥር በሆነ መልኩ ተመልሶ ይመጣል። እናንተም ፕሮፖዛል ስትጽፉ ሳታውቁት ትቀዱት ይሆናል። ስለዚህ ነው ዛሬ ቁጭ ብለን ልንመረምረው የሚገባው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በታሪኩ ውስጥ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ከታሪኩ ተሰርዘዋል፤ ሲሰረዙ ደግሞ የምንማረው ትምህርት ይገለበጣል።

እንቁጠራቸው። ታብሌት ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ስለዚህ በሶላር ተሞላ። ሶላሩን እንዴት እንደሚጠቀሙ ለመንደሩ አዋቂዎች ያስተማራቸው ሰው አለ። ኢንተርኔት አልነበረም፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ቴክኒሻን እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይቀይር ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ልጆቹ ምን እንደነኩ የሚያዩት በዚያ ነው። አፖቹም ከሰማይ አልወረዱም። ከኤም አይ ቲ እና ከታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ ማንበብ በልጅ አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያጠኑም ያሉባቸው ተመራማሪዎች ናቸው መርጠው የጫኗቸው። ልጆቹም ለየብቻ አልተቀመጡም፤ አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያሳያል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሰው እያለ ነው «ያለ አስተማሪ» የተባለው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ የያዘ ሰው አልነበረም፣ እውነት ነው። ሰው አልነበረም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በቀን 47 አፕ። ይሄ ቁጥር ምንድን ነው የሚለካው? ስልካችሁን አስቡ። ዛሬ ስንት ጊዜ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ጌም ዘለላችሁ? ብዙ አፕ መክፈት ብዙ መማር ከሆነ ሁላችንም እስካሁን ፕሮፌሰር ነበርን። ቁጥሩ የሚለካው አጠቃቀምን እንጂ ዕውቀትን አይደለም። «ሀክ» የተባለውም እንዲሁ ነው። በስህተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ከፈቱት፤ እንዳይቀየር የተቆለፈውን የስክሪን ገጽታም እያንዳንዳቸው እንደየፍላጎታቸው ቀየሩት። ጎበዞች ናቸው፤ ይሄን አልክድም። የፕሮጀክቱ ዓላማ ግን ካሜራ ማስከፈት አልነበረም፤ ልጅ ብቻውን ማንበብ ይማር እንደሆነ ማየት ነበር። ለዚህ ጥያቄ የአምስት ወር ወሬ መልስ አይሆንም። ለፍትሕ ያህል፣ የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው ሳይንሱን የሚያሳምን መልስ ለማግኘት ገና ረጅም ጊዜ እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር። ዜናው ያንን ዓረፍተ ነገር ይዞ አልሮጠም እንጂ።

ሌላም አለ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ የዕቃ ማሸጊያ እንኳ፣ አይተው አያውቁም ተብሏል። እንዴ! ክብሪት የሌለበት ቤት አለ? የሳሙና ልባስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የማዳበሪያ ጆንያ? ሊኖር ይችላል፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ቆም ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ሳይንስ ወዳድ ግዴታ ነው። በተለይ ታሪኩ የሚጣፍጠው ልጆቹ «ከምንም» ሲነሱ ከሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የፊደሉ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ቦታዎች ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ማንበብ የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ «እንግሊዝኛውም ያው ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። አይደለም። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት። «ሲ» የምንላት ደግሞ «ጭ» ናት። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን መዝሙር በቃሉ የያዘ ልጅ ክፍል ሲገባ ያንኑ ፊደል ሌላ ድምፅ ይዞ ያገኘዋል። ልጅ ሁለቱንም መልመድ ይችላል፤ ግን «እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ» ብሎ የሚለይለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ስሙ አስተማሪ ነው!

«እሺ፣ ትንሽ ሙከራ ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ወደ ትልቁ እንሂድ። ይኸው ድርጅት ከታብሌቱ በፊት አረንጓዴና ነጭ የሆኑ ትንንሽ ላፕቶፖች ለዓለም ሕፃናት ሊያዳርስ ተነስቶ ነበር። ሐሳቡ የተዋወቀው በ2005 ሲሆን፣ ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ በተግባር ወደ ሁለት መቶ ተጠጋ። ከሁሉም አገር ብዙ የወሰደችው ፔሩ ናት፤ ከ800 ሺህ በላይ። የኢንተር-አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች ውጤቱን ለማወቅ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አጠኑ። ዘዴው ገበሬ የሚያውቀው ነው፦ አንዱን ማሳ ማዳበሪያ ታደርግበታለህ፣ ጎኑ ያለውን ትተወዋለህ፣ ከዚያ ምርቱን ታወዳድራለህ። ላፕቶፕ ባገኙት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ደርሶ ነበር፤ ባላገኙት አንዱን ኮምፒውተር ስምንት ያህል ተማሪ ይጋራዋል። ከአንድ ዓመት ከሩብ ገደማ በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና የታየ ልዩነት አልነበረም። አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን በሚለኩ ፈተናዎች ላይ ጥቂት መሻሻል ታይቷል፤ እሱንም መደበቅ ተገቢ አይደለም። ግን ለዚያ ሁሉ ገንዘብ?

ኡሩጓይም በ2007 ያንኑ ላፕቶፕ ማደል ጀመረች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሙሉ አዳረሰች። እዚያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሒሳብና የንባብ ውጤት አልተለወጠም። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግን ልብ የሚነካ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል አስተማሪ በየትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ አስተማሪን በቪዲዮ አመጡ። የሩቁ አስተማሪ በስክሪን ያስተምራል፣ የክፍሉ አስተማሪ ደግሞ በቀሪዎቹ ቀናት ያንኑ ከልጆቹ ጋር ይለማመዳል። አያችሁ ልዩነቱን? አንዱ ዘንድ ስክሪኑ የአስተማሪን ቦታ ይወስዳል ተባለ፤ ሌላው ዘንድ ስክሪኑ አስተማሪ የሚገባበት በር ሆነ። ዓመተ ምሕረቱ እንኳ አንድ ነው፣ 2012።

ታዲያ ቴክኖሎጂ ለማኅበረሰብ አይጠቅምም እያልኩ ነው? በፍጹም። እኛው ዘንድ 8028ን ተመልከቱ። በ2014 ነው ለገበሬዎች የተከፈተው። ታብሌት አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ገበሬው በእጁ ባለው ተራ ስልክ በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ሰብሉን ይመርጣል፣ ስለ አዘራሩና ስለ ማዳበሪያው በድምፅ ይሰማል። ማንበብ ለማይችልም ይሠራል። ሲያዩት አያስደንቅም፤ ሀካቶን ላይ ቢቀርብ ዳኞቹ የሚያዛጉ ይመስለኛል። ግን ሚሊዮኖች ደውለውበታል። የተቀዳ ድምፅ ማሳ ላይ ቆሞ ቅጠሉን አገላብጦ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የግብርና ባለሙያው አሁንም ያስፈልጋል። ግን ማንም «ያለ ግብርና ባለሙያ» ብሎ አላስወራም።

የወንጪውን ሙከራ የሠሩት ተመራማሪዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከእነሱ የተወሰኑት «ኪዩሪየስ ለርኒንግ» የሚባል ድርጅት መሠረቱ። የኖርዌይ መንግሥት ለሶርያ ሕፃናት የአረብኛ ማንበቢያ ጌም ለሚሠሩ ውድድር አውጥቶ ነበር። ቅድመ ሁኔታው አሸናፊው ሥራ ኮዱ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ነው። በ2017 ካሸነፉት ሁለት ጌሞች አንዱ፣ ልጁ ጭራቁን ፊደል እያበላ የሚያሳድግበት፣ በዚህ ድርጅት አማካይነት ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተዛመተ። ከታብሌቱ ታሪክ ይልቅ ይህን ነው የምወደው። ሰዎቹ «ልጆቹ ይወጡታል» ብለው አልተዉትም፤ በየቋንቋው ፊደሉን ከድምፁ ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል ብለው ተነሱ። ለናንተም ዕድሉ እዚህ ጋ ነው። ክፍት ኮድ ያለው የማንበቢያ ጌም ወስዶ ለቁቤ ወይም ለፊደላችን ማስተካከል ትርጉም ብቻ አይደለም። «ለ»ን ያወቀ ልጅ «ሉ»ን እንዴት ይገምታል? ሰባቱን ቅርጽ በምን ቅደም ተከተል እናሳየው? ይሄ የቋንቋ ጥያቄ ነው፣ የፕሮግራሚንግም ነው፣ የሥነ ልቦናም ነው። አንድ ቡድን ሦስቱንም ይዞ ቢነሳ የሚሠራው አያጣም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ውድድር ፕሮፖዛል ስትጽፉ፣ ወይም «ሕይወት ቀያሪ» የተባለ አፕ ሲያስተዋውቋችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የምንቆጥረው ምንድን ነው? መከፈቱን ነው ወይስ መማሩን? ሁለተኛ፣ ከማን ጋር እናወዳድራለን? ያልተነካው ማሳ የታል? ሦስተኛ፣ ባጀቱ ውስጥ የሰው ደመወዝ አለ? ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግን፣ ልጁ ሲደናገር የሚያስረዳ፣ ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይር? ሦስተኛው መልስ ከሌለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለመጠየቅ ጊዜም አታገኙም፤ ፕሮጀክቱ ቀድሟችሁ ይቆማል።

የወንጪን ታሪክ ሳስብ አሁን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ማብሪያውን ያገኘው ልጅ ብቻ አይደለም። እሱ ይገባዋል፤ ይጨብጨብለት። አጠገቡ ግን በየሳምንቱ ዳገቱን ወጥቶ ካርዶቹን ሰብስቦ የሚመለስ አንድ ቴክኒሻን አለ። ስሙን ዜናው አልጻፈውም። በቀጣዩ ፕሮጀክታችሁ ላይ እናንተ ጻፉት፤ ከገጽ አንድ ጀምሮ።